የትኛው ኤልፍ? በአማርኛ ለሚጽፉ፣ ለሚተረጉሙና ለሚያነቡ የቀረበ የንጽጽር መመሪያ

ደብረ ብርሃን ውስጥ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተገናኘን የጻፍነውን የምናነብ ጥቂት ሰዎች አለን። ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንድ ወጣት በወፍ ዋሻ ደን ውስጥ ስለሚኖሩ ኤልፎች የጻፈውን ታሪክ ይዞ መጣ። ጆሯቸው ሹል፣ ጸጉራቸው እስከ ወገብ የወረደ፣ ቀስታቸው የማይስት፣ ዕድሜያቸው ከሺህ ዓመት የሚያልፍ፣ በዝግባና በጽድ ቅርንጫፍ ላይ ቤት የሠሩ ናቸው። ንባቡ አብቅቶ ስለ ቃላት አመራረጡ ስንነጋገር፣ ቡና የሚያፈሉልን የቤቱ እመቤት ረከቦቱን እየጠረጉ፣ «እንዲያው ልጄ፣ እነዚህ ሰዎችህ ጎረቤት ሲሞትባቸው ለቅሶ ይደርሳሉ?» ብለው ጠየቁት። ወጣቱ መልስ አልነበረውም፤ እኛም አልነበረንም።

ችግሩ የእሱ ብቻ አይደለም። «ኤልፍ» የሚለው ስም ዛሬ በፊልም፣ በኮምፒውተር ጨዋታ፣ በልብ ወለድና በፈረንጆች ገና ማስጌጫ ላይ ሁሉ ስለሚገኝ አንድ ፍጡር ይመስላል እንጂ በውስጡ ቢያንስ ሰባት የተለያዩ ፍጡራንን ይዟል። አንዱ የመሥዋዕት ደም ይቀበላል፤ አንዱ ጫማ ይሰፋል፤ አንዱ ዓለም እስክታልፍ ድረስ አያረጅም፤ ሌላው ደግሞ ረኀብ ስለጸናበት የገበሬ ዘር ያሰርቃል። ይህን ሳይለይ የሚጀምር ጸሐፊ ከአንዱ ጆሮውን፣ ከሌላው ዕድሜውን፣ ከሦስተኛው ቀስቱን ወስዶ ያጣጥፍና ቡና የሚያፈሉ እናት ሲጠይቁት ዝም ይላል። ከዚህ በታች በመጀመሪያ መመዘኛዎቹን አስቀምጣለሁ፤ ቀጥዬም እያንዳንዱን ዓይነት በእነርሱ እመረምራለሁ። የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያውና ዋነኛው መመዘኛ ፍጡሩ ከሞት ጋር ያለው ውል ነው። ይሞታል ወይ? ካልሞተስ የሚሞተውን ጎረቤቱን በምን ዓይን ያያል? አንድ ደራሲ ይህን ከወሰነ ንግግሩም፣ ፍቅሩም፣ ጦርነቱም ከዚያ ይፈልቃሉ። ሁለተኛው ከሰው ጋር ያለው ጉርብትና ነው፤ እንግዳ ነው፣ አስተናጋጅ ነው፣ ሌባ ነው ወይስ ጌታ? ሦስተኛው ለእኛ ብቻ የሚነሣ ጥያቄ ነው፤ አንባቢው ፍጡሩን ከዛር፣ ከቆሌ ወይም ከአድባር ጋር ያምታታዋል ወይ? ሰሜን ሸዋ ውስጥ ስለማይታይ ጎረቤት የሚናገር ታሪክ ለአንዱ ልብ ወለድ ሲሆን ለሌላው የቤቱ ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህን ሳያስቡ መጻፍ አይመከርም። አራተኛው ወጪው ነው፤ ምን ያህል ማንበብ፣ ምን ያህል ገንዘብና ምን ያህል ጊዜ ይጠይቃል?

ጆሮን በመመዘኛነት አላስገባሁም። የዘመኑን ኤልፍ መልክ ከማንም በላይ የወሰነው እንግሊዛዊው ደራሲ ጄ. አር. አር. ቶልኪን እንኳ በታላቁ ሦስት ቅጽ ትረካው ውስጥ የኤልፎቹ ጆሮ ሹል ነው ብሎ አልጻፈም፤ ስለ ጆሮ የምንከራከረው ብዙውን ጊዜ ሥዕልና ፊልም አይተን ነው።

## አንደኛ፦ የጥንቱ ሰሜን ኤልፍ

ሥሩ እዚህ ነው። የአይስላንዱ ጸሐፊ ስኖሪ ስቱርሉሶን በ1220 አካባቢ ባዘጋጀው መጽሐፍ ኤልፎችን ለሁለት ይከፍላቸዋል፤ የብርሃን ኤልፎች አልፍሄይም በተባለ ስፍራ የሚኖሩና ከፀሐይ ይልቅ የሚያምሩ ሲሆኑ፣ የጨለማዎቹ ከምድር በታች የሚኖሩና ከቅጥራን ይልቅ የጠቆሩ ናቸው። ስኖሪ ክርስቲያን ስለነበረ፣ ክፍፍሉን ከመላእክትና ከአጋንንት ትምህርት ቀድቶት ይሆናል ብለው የሚጠረጥሩ ተመራማሪዎች አሉ። ከእርሱ በሚቀድሙት ግጥሞች ውስጥ ኤልፎች ከአማልክት ጎን ለጎን የሚጠሩ፣ ነገር ግን መልካቸው እምብዛም የማይገለጽ ነገዶች ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ ለተራኪ የሚጠቅመው ግን የቤት ውስጥ አምልኮው ነው። ሲግቫት የተባለ የኖርዌይ ንጉሥ ባለቅኔ በ11ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ ስዊድን ሲጓዝ መሽቶበት ከአንድ ቤት ደጃፍ ይደርሳል። እመቤቲቱ በሩ ላይ ቆማ፣ ለኤልፎች መሥዋዕት እያቀረቡ ስለሆነ እንዳይገባ ትከለክለውና እንደ ተኩላ ታባርረዋለች። ባለቅኔው ይህን በግጥሙ ውስጥ እያማረረ ይተርካል። የመሸበትን መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ» ብሎ እግሩን በሚያጥብ አገር ላደገ ሰው ይህ ትዕይንት ያስደነግጣል፤ የኤልፉ ግብዣ ከእንግዳ የሚበልጥበትን ቤት ያሳያልና። በሌላ የአይስላንድ ትረካ ደግሞ አንድ የቆሰለ ሰው ኤልፎች ይኖሩበታል በተባለ ጉብታ ላይ የበሬ ደም እንዲያፈስና ከሥጋው ግብዣ እንዲያደርግላቸው ይመከራል፤ ቁስሉ እንዲሽርለት ነው። በአድባር ዛፍ ሥር የሚታረደውን የሰማ አንባቢ ይህን ሲያነብ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ዮን አርናሶን በ1862 እና በ1864 ባሳተመው የአይስላንድ ተረቶች ስብስብ ውስጥ ስለ «ስውር ሕዝቦች» አመጣጥ የሚናገር አንድ ተረት አለ። እግዚአብሔር የሔዋንን ልጆች ሊያይ ሲመጣ ሔዋን አጥባ ያልጨረሰቻቸውን አፍራ ደበቀቻቸው፤ እርሱም ከእኔ የተሰወረ ከሰውም ይሰወር አለ፤ ኤልፎች ከእነዚያ ልጆች ተወለዱ። አሁን ይህን በአገራችን በዛር አመጣጥ ከሚነገረው ጋር አስተያዩት። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት፤ ፈጣሪ ሊጎበኛት ሲመጣ እጅግ ያማሩትን ዐሥራ አምስቱን ደበቀች፤ እነርሱም ተሰውረው ቀሩ፤ ዛሮች ሆኑ። ልዩነቷ ትንሽ ብትሆንም ብዙ ትናገራለች። የእነርሱ ሔዋን ያልታጠበውን በኀፍረት ስትደብቅ የእኛይቱ ያማረውን ለዓይን ሰግታ ደብቃለች። አንድ ጸሐፊ ከዚህች ልዩነት ብቻ ሙሉ ልብ ወለድ ሊያወጣ ይችላል ብዬ አምናለሁ፤ እስካሁን የጻፈው ሰው ግን አላጋጠመኝም።

በመመዘኛዎቹ ሲታይ የሰሜኑ ኤልፍ ከሞት ጋር ያለው ውል ደብዛዛ ነው፤ ከሰው ጋር ያለው ጉርብትና ግን ከሁሉም የጠነከረ ነው፤ ከአገር እምነት ጋር የመምታታት ስጋቱም ከሁሉም ይበልጣል። ምንጮቹ ጥንታዊ ስለሆኑ የቆዩ የእንግሊዝኛ ትርጉሞቻቸው በኢንተርኔት በነጻ ይገኛሉ።

## ሁለተኛ፦ የሚወጋውና የሚወስደው ኤልፍ

በጥንቷ እንግሊዝ ኤልፍ የሕመም ምክንያት ነበር። በ10ኛው መቶ ዘመን በተገለበጠ የመድኃኒት መጽሐፍ ውስጥ ለኤልፍ በሽታ የሚሆኑ ቅጠላ ቅጠሎችና ጸሎቶች ተዘርዝረዋል፤ ለድንገተኛ ውጋት የሚደገም አንድ ድግምትም ውጋቱን የኤልፍ ፍላጻ ሊሆን እንደሚችል ይገምታል። ለከፍና ምችን፣ ጠበልና ዳማከሴን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ማብራሪያ አያሻውም። የሚገርመው በዚያው ዘመን ስሙ ለልጆች መልካም ስም መሥሪያ መሆኑ ነው፤ አልፍሬድ ማለት «የኤልፍ ምክር» ማለት ነው። አስፈሪና ክቡር በአንድ ቃል ያድሩ ነበር።

በስኮትላንድ የሕዝብ ግጥሞች ውስጥ ደግሞ ኤልፍ አገርና ንግሥት አለው። ቶማስ የተባለው ዘፋኝ የኤልፎችን ንግሥት ሳመና ሰባት ዓመት አገለገላት፤ በአገሯ ሳለ አንዲት ቃል ከተናገረ ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር። በዚህ ዓይነት ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ሕግ አለ፤ የእነርሱን ምግብ የቀመሰ ሰው የእነርሱ ይሆናል። «ታም ሊን» በተባለው በሌላው ዝነኛ ግጥም፣ የኤልፎቹ ጭፍራ በየሰባት ዓመቱ ለሲኦል አሥራት ይከፍላል፤ የተማረከው ወጣትም አሥራቱ እርሱ እንዳይሆን ይፈራል። ኤልፎች ራሳቸው ግብር ከፋይ መሆናቸው ለእኔ ከውበታቸው ሁሉ የበለጠ ያስፈራል፤ ከበላያቸው ሌላ ጌታ አለና።

የፍርሃት ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የሚሻል የለም። ግጥሞቹ አጭር ናቸው፤ በአንድ ምሽት ያልቃሉ፤ ገንዘብም አያስወጡም።

## ሦስተኛ፦ ትንሹ ኤልፍ

ሼክስፒር በ1590ዎቹ ኤልፎቹን በባሉጥ ፍሬ ቅርፊት ውስጥ ከደበቃቸው ወዲህ መጠናቸው እየቀነሰ ሄደ። 1823 ላይ ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ፤ የግሪም ወንድማማቾች ጫማ ሰፊውን በሌሊት ስለረዱት የቤት ፍጡራን ያሳተሙት የጀርመን ተረት በእንግሊዝኛ ሲተረጎም ፍጡራኑ «ኤልፎች» ተባሉ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በአሜሪካ የታተመ አንድ ግጥም ደግሞ የገናውን ሽማግሌ ራሱን «ኤልፍ» ብሎ ጠራው። ከዚያ እስከ መጫወቻ ፋብሪካውና እስከ ቀይ ቆቡ ድረስ መንገዱ አጭር ነበር። ለትንንሽ ልጆች ይሆናል፤ ከዚያ በላይ አይዘልቅም።

## አራተኛ፦ የቶልኪን ኤልፍ

ከቶልኪን በፊት የአየርላንዱ ባላባት ሎርድ ደንሳኒ በ1924 ባወጣው ልብ ወለድ፣ ጊዜ በማይነጉድበት አገር የምትኖር የኤልፍ ንጉሥ ልጅ ሰው አግብታ በምድር ስትቸገር አሳይቶ ነበር። ቶልኪን ግን ከዚህ ርቆ ሄደ። ከ1917 አካባቢ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1973 ድረስ ኤልፎቹን ሲያበጅና ሲያፈርስ ኖረ፤ ለእነርሱም ሁለት ሰፋፊ ቋንቋዎችን ፈጠረላቸው፤ ክዌንያ የተባለው ከፊንላንድኛ፣ ሲንዳሪን የተባለው ከዌልስኛ ድምፅ የተቀዳ ነው። በ1937 የልጆች መጽሐፉ «ዘ ሆቢት»፣ በ1954 እና በ1955 ትልቁ ሥራው «ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» ታተመ፤ የኤልፎቹን ዋና ታሪክ የያዘው መጽሐፍ ግን የወጣው ከሞቱ በኋላ በ1977 ነው።

የእርሱ ኤልፍ ከሞት ጋር ያለው ውል እጅግ ግልጽ ነው። አያረጅም፤ በሽታም አይገድለውም። በሰይፍ ሊገደል ወይም ከኀዘን ብዛት ሊሞት ይችላል፤ ነፍሱ ግን ከዚህ ዓለም አትወጣም፤ ወደ ሙታን ጠባቂው ወደ ማንዶስ አዳራሽ ሄዳ ትቆያለች፤ ሥጋ ለብሳ መመለስም ትችላለች። ሰው ግን ሞቶ ከዓለም ክበብ ውጭ ይሄዳል፤ ወዴት እንደሚሄድ ኤልፎች አያውቁም። ስለዚህ በእነርሱ ትምህርት ሞት ለሰው የተሰጠ ስጦታ ይባላል፤ የማይሞቱቱ የሚሞተውን የሚቀኑበት ዓለም ነው። ሉቲየን የተባለችው የኤልፍ ልዕልት የሞተ ባሏን ለማስመለስ በማንዶስ ፊት የዘፈነችው፣ በኋላም እንደ እርሱ ሟች መሆንን የመረጠችው በዚህ ውል ምክንያት ነው። እንዲህ ያለው ምርጫ ትርጉም የሚኖረው ውሉ አስቀድሞ ከታወቀ ብቻ ነው።

እናታችን ላቀረቡት ጥያቄም መልስ አለው። በትልቁ ሥራው ውስጥ የጉዞ ጓደኞቹ መሪያቸውን በጥልቁ ውስጥ አጥተው ሎትሎሪየን ወደተባለው የኤልፎች ደን ሲገቡ፣ በዛፎቹ መካከል ለሟቹ የሚዜም የኀዘን ዜማ ይሰማሉ። አብሯቸው የሚጓዘው ኤልፍ ሌጎላስ ግን ቃሉን ሊተረጉምላቸው አይፈቅድም፤ ኀዘኑ ገና ትኩስ ነው፤ ለእርሱ ጊዜው የዕንባ እንጂ የዜማ አይደለም። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሙሾ አውራጇን ግጥም ለሌላ አገር ሰው ተርጉም የተባለ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቶልኪን ይደርሳሉ ይላል፤ ነገር ግን በገዛ ቋንቋቸው፣ በራቀ ዛፍ ላይ ሆነው ነው።

ጉድለቱ ከዚሁ ይመጣል። ኤልፎቹ እየሄዱ ያሉ፣ ዘመናቸው ያለፈ፣ ከሰው በላይ የሚያውቁ ናቸው፤ ስለዚህ ከገበሬ ጋር ቁጭ ብለው ስለ ገብስ ዋጋ አይከራከሩም። እርሱን ቀድቶ ወደ ጓሳ ሜዳ የሚያመጣቸው ጸሐፊ ብዙውን ጊዜ የሚያመጣው ሐውልት ነው። ሥራውን ሁሉ ማንበብ ወራት ይፈጃል፤ በገንዘብም ቀላል አይደለም።

## አምስተኛ፦ ልብ የሌለው ኤልፍ

የቶልኪን ትልቅ ሥራ የመጀመሪያው ቅጽ በወጣበት በዚያው በ1954 አሜሪካዊው ደራሲ ፖል አንደርሰን ከተመሳሳይ የሰሜን ምንጭ ፍጹም የተለየ ኤልፍ አወጣ። የእርሱ ኤልፎች ውብ፣ ብልህና ጨካኝ ናቸው፤ ብረት መንካት አይችሉም፤ የሰውን ሕፃን ሰርቀው በቦታው የራሳቸውን ዲቃላ ያስቀምጣሉ። ቴሪ ፕራቼትም በ1992 ባወጣው ቀልደኛ ልብ ወለዱ፣ የኤልፎች ውበት በተመልካቹ ላይ የሚጣል መጋረጃ እንደሆነና ከመጋረጃው በስተጀርባ ርኅራኄ የሚባል ነገር እንደሌለ አሳይቷል። እነዚህ ለቅሶ አይደርሱም፤ ከደረሱም ለመሳቅ ነው። ብረትን የሚፈራ መንፈስ በእኛም ዘንድ ስለሚነገር ይህኛው ዓይነት በአማርኛ በቀላሉ ይለምዳል፤ ለሥነ ጽሑፍ ፉክክርም ከቶልኪን ጥላ የሚያስወጣ ጥሩ በር ነው።

## ስድስተኛ፦ የጨዋታው ኤልፍ

በ1974 በአሜሪካ የታተመው «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለው የጠረጴዛ ጨዋታ ኤልፍን ተጫዋች የሚለብሰው ማንነት አደረገው። ሕግ ስለሆነ ሁሉም ነገር በቁጥር ይገለጻል። በመጀመሪያው እትም ኤልፍ ተዋጊም ድግምተኛም መሆን ይችል ነበር፤ ነገር ግን በተዋጊነት ከ4ኛ፣ በድግምተኛነት ከ8ኛ ደረጃ አያልፍም ነበር። በ1978 በወጣው መጽሐፍ ሙት የሚያስነሣው ድግምት ለሰው ሲሠራ ለኤልፍ አይሠራም፤ በ2014 እትም ደግሞ ኤልፍ እስከ 750 ዓመት ሊኖር ይችላል፤ በእንቅልፍ ፋንታም 4 ሰዓት ተመስጦ ይበቃዋል። ዛሬ በኮምፒውተር ጨዋታዎች የምናያቸው አብዛኞቹ ኤልፎች ከቶልኪን በቀጥታ ሳይሆን በዚህ ጨዋታ በኩል የመጡ ናቸው፤ የኛም ወጣት ኤልፎች ያለ ጥርጥር ከዚህ ጎሣ ነበሩ።

አንድ ጥንቃቄ አለኝ። ጨዋታው ከ1978 ጀምሮ «ድራው» የተባሉ ከመሬት በታች የሚኖሩ ጥቁር ቆዳ ያላቸው ኤልፎችን አስገብቶ በጠቅላላ ክፉ አደረጋቸው። አሳታሚው በ2020 ይህን አቀራረብ እንደሚያርም አስታውቋል። የስኖሪ ቅጥራን እንዲህ ሩቅ ተጉዟል። ይህን ሳያስተውል ወደ አማርኛ የሚያመጣ ጸሐፊ በራሱ ቆዳ ላይ ክፋትን እየጻፈ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ከወጪ አንጻር መሠረታዊ ሕጎቹ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛሉ፤ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ከሌለም የስልክ መተግበሪያ ይተካዋል። የሚያስፈልገው አራትና አምስት ሰውና አንድ ሙሉ ከሰዓት ነው።

## ሰባተኛ፦ የተገፋው ኤልፍ

የፖላንዱ ደራሲ አንድሬ ሳፕኮቭስኪ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በጻፋቸው ታሪኮች ኤልፎች የቀደሙ የአገር ባለቤቶች ሆነው፣ በኋላ የመጣው ሰው ከለም መሬታቸው ወደ ተራራ ገፍቷቸዋል። በአንዱ አጭር ታሪኩ ውስጥ ኤልፎቹ በተራራው ላይ እየተራቡ ነው፤ እርሻ አያውቁም፤ ቀንድና ሰኮና ያለው አንድ ፍጡር ከገበሬዎች ዘርና የአዘራር ዕውቀት እየሰረቀ ያቀብላቸዋል። መሪያቸው ግን ከሰው ጋር ተስማምቶ መኖርን እንደ ውርደት ይቆጥረዋል። የመንዝን ደጋ፣ ውርጭ የመታውን ገብስና ጥበቱ የማያፈናፍን ማሳ ለሚያውቅ ሰው ይህ ኤልፍ ቅርብ ነው። ይሞታል፤ ይራባል፤ ቂም ይይዛል። የሚያሰጋው ነገር ቢኖር የመሬትና የማንነት ጉዳይ በእኛ አገር ትኩስ ስለሆነ፣ አንባቢው ኤልፎቹ እነማን እንደሆኑ ከደራሲው ቀድሞ ሊወስን መቻሉ ነው።

## በአጭሩ ሲነጻጸሩ

| ዓይነት | ከሞት ጋር | ከሰው ጋር | ከአገር እምነት ጋር የመምታታት ስጋት | ወጪና ጊዜ |
|---|---|---|---|---|
| የጥንቱ ሰሜን | ደብዛዛ | መሥዋዕት የሚቀበል ጎረቤት | ከፍተኛ | ነጻ፤ ጥቂት ሳምንታት |
| የሚወጋውና የሚወስደው | ለሲኦል ግብር ይከፍላል | ነጣቂ፣ አስተናጋጅ | ከፍተኛ | ነጻ፤ አንድ ምሽት |
| ትንሹ | አይነሣም | አገልጋይ | የለም | ነጻ፤ ጥቂት ሰዓት |
| የቶልኪን | አያረጅም፤ ከዓለም አይወጣም | የራቀ ታላቅ | ዝቅተኛ | መጻሕፍት መግዛት፤ ወራት |
| ልብ የሌለው | ሞትን ይንቃል | አዳኝ | መካከለኛ | አንድ ወይም ሁለት መጽሐፍ |
| የጨዋታው | በቁጥር የተወሰነ | የጉዞ ጓደኛ | ዝቅተኛ | ነጻ ሕጎች፤ ጓደኞች |
| የተገፋው | እንደ ሰው ይሞታል | ባላጋራ፣ ባለ ርስት | ዝቅተኛ፤ የፖለቲካው ይከብዳል | አንድ የአጭር ታሪክ መድበል |

## ስሙን ምን እንበለው?

ለተርጓሚ ይህ ከሁሉ የከበደ ውሳኔ ነው፤ ስህተቱም ለዘመናት ይቆያል። ጀርመናዊው ሄርደር በ18ኛው መቶ ዘመን «የኤልፎች ንጉሥ» የሚለውን የዴንማርክ ቃል ሲተረጉም የዛፍ ስም አድርጎት «የአልደር ዛፍ ንጉሥ» አለው፤ ባለቅኔው ጎተም በ1782 በዚያው ስም ዝነኛ ግጥሙን ጻፈ፤ ስህተቱ በዚያው ጸና። ቶልኪን ይህን ዓይነት አደጋ ስለሚያውቅ ለተርጓሚዎች በጻፈው መመሪያ፣ በጀርመንኛ የተለመደው «ኤልፍ» ትንሿን ክንፋም ፍጡር ስለሚያስታውስ የቆየውን ቅርፅ እንዲመልሱ መከረ፤ የጀርመንኛው ትርጉምም «ኤልበን» ብሎ ወጣ። እርሱም ራሱ አንዱን የኤልፍ ነገድ በመጀመሪያ «ኖም» ብሎ ጠርቶት ነበር፤ አንባቢው የአትክልት ቦታ ድንክ እንዳይታየው ብሎ ተወው።

በአማርኛ «ዛር» ማለት ጨርሶ አይሆንም፤ ዛር ባለቤት፣ ፈረስና ሥርዓት ያለው፣ ሰዎች ዛሬም የሚኖሩበት ጉዳይ ነው። «ቆሌ» የቤት ወይም የአገር ጠባቂ መንፈስ ስለሆነ የራሱ ከተማና ቋንቋ ያለውን ሕዝብ አይሸከምም። «ስውራን» ለጆሮ ያምራል፤ ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን አነጋገር የተሰወሩ ቅዱሳን መጠሪያ ነውና ለሚወጋ ፍጡር መስጠት አንባቢን ያስቀይማል። እኔ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ላሉት ዓይነቶች «ኤልፍ»ን እንዳለ እንድንወስድ እመክራለሁ፤ ቃሉ ባዶ ሆኖ ስለሚመጣ ደራሲው የፈለገውን ይሞላበታል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ስም ባይሰጣቸው ይሻላል። «እነዚያ»፣ «የማዶዎቹ»፣ «ስማቸው የማይጠራው» የሚል ተራኪ ከማንኛውም ስም የበለጠ ያስፈራል፤ ጣርማበር ላይ ጉሙ ሲወርድ ያደገ ሰው እንዲህ ማውራት ያውቅበታል።

## ማን የትኛውን ይያዝ?

ገንዘብ የሌለው፣ ስልክና ጥቂት ዳታ ብቻ ያለው ጀማሪ ጸሐፊ በሁለተኛው ዓይነት ይጀምር፤ ሁለቱን የስኮትላንድ ግጥሞች አንብቦ አንድ ባለ አምስት ገጽ ታሪክ ይሞክር። ቋንቋና ዓለም መፍጠር የሚወድ፣ ትዕግሥትና ጊዜ ያለው ሰው ወደ ቶልኪን ይሂድ፤ ግን ከ1937ቱ መጽሐፍ ይጀምር እንጂ በ1977ቱ አይጀምር፤ እኔ በዚያ ጀምሬ ሁለት ጊዜ አቋርጫለሁ። የተማሪዎች ክበብ የሚመራ መምህር የጨዋታውን ዓይነት ቢይዝ ዝም የሚሉት ልጆች ሳይቀሩ ይናገራሉ፤ ሆኖም የድራውን ጉዳይ አስቀድሞ ያንሣባቸው። ተርጓሚ ለሆነ ሰው የመጀመሪያውን ዓይነት በደንብ ሳያውቅ አራተኛውን እንዳይነካ እመክረዋለሁ፤ የቶልኪን ቃላት ሥራቸው እዚያ ነውና። ልጆቹን የሚያስተኛ ወላጅ ጫማ ሰፊውን ይተርክ። የአገሩን ደጋ፣ ረኀቡንና ኩራቱን መጻፍ የሚፈልግ ደግሞ ሰባተኛውን ከአንደኛው ጋር ያዋሕድ፤ ሁለት መደባለቅ ይቻላል፤ የሞቱ ውል ግን ከአንዱ ብቻ መወሰድ አለበት።

የእኛ ወጣት ከሦስት ቅዳሜ በኋላ ታሪኩን አዲስ አድርጎ አመጣው። ቀስቱ የለም፤ የዛፍ ቤቱም የለም። አንድ የወፍ ዋሻ አፋፍ ገበሬ ሞቶ ድንኳን ተጥሏል፤ ሲመሽ አንድ የማያውቁት ሰው፣ በርኖስ የለበሰ፣ ከድንኳኑ ደጃፍ ይቆማል፤ የሟቹን አያት፣ የአያቱንም አያት ያውቅ ነበር። እጁን የት እንደሚያደርግ አያውቅም። አንዲት ሴት ፈቀቅ ብላ ቦታ ትለቅለታለች፤ በሳህን ንፍሮ ታቀርብለታለች። ታሪኩ እዚያ ቆመ። እናታችን ሲኒውን አስቀመጡና፣ «ቀመሰው?» አሉት።

«ገና አልወሰንኩም እማማ» አላቸው፤ «ከቀመሰ እንደኛ ይሞታላ።»